የመንደር መቃብርን የታሪክ መማሪያ ማድረግ፦ ለመምህራን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የዐድዋ ጦርነት መቼ እንደተካሄደ ሲጠየቅ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብሎ ይመልሳል፤ ከራሱ ቀበሌ ማን ዘምቶ ማን እንደተመለሰ ሲጠየቅ ግን የሚለው የለውም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፉ የሚዘጋጀው ለክልል ወይም ለአገር ስለሆነ የአንድን ቀበሌ ታሪክ ሊይዝ አይችልም፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ በመሆኑ የአካባቢውን ነገር ከተማሪዎቹ ያነሰ ያውቃል። በየመንደሩ ግን ከትምህርት ቤቱ በእግር ሊደረስበት የሚችል አንድ የታሪክ ቦታ አለ፤ እርሱም መቃብሩ ነው። ይህ መመሪያ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ሲሆን፣ በምጽፍበት ጊዜ በዐሳቤ የያዝኩት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተጎራብተው የሚገኙበትን የወሎንና የሰሜን ሸዋን ገጠር ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በሌሎች አገሮች ተማሪዎች ወደ መቃብር ሲወሰዱ ሥራቸው በአብዛኛው የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ማንበብ ነው። በእኛ ገጠር ግን አብዛኛው መቃብር ጽሑፍ የለውም፤ የድንጋይ ክምር፣ ዙሪያውን የተደረደረ ካብ፣ ወይም ሣር የሸፈነው ጉብታ ብቻ ነው። ስም የተቀረጸበት የሲሚንቶና የእብነ በረድ ሐውልት የተስፋፋው በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ሲሆን፣ እሱም አቅም ላለው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በድንጋዩ ላይ ብቻ ከቆመ ልጆቹ የሀብታሞችንና የባለማዕረጎችን ታሪክ ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። በዚህ መመሪያ አካሄድ መቃብሩ ጥያቄ ይሰጣል፤ መልሱ የሚገኘው ከሽማግሌዎች፣ ከቅሬው ወይም ከእድሩ መዝገብና ከቤተሰብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተዘጋጁት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

1. ቦታውን ብቻዎን አስቀድመው ይዩ

ተማሪ ከመውሰድዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው፣ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆነው መቃብሩን ይዙሩ። ለክርስቲያኑ መቃብር ገበዙ ወይም ቅጥሩን የሚጠብቁት አባት፣ ለሙስሊሙ መካነ መቃብር ከመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ሰው ተመራጭ ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ። የመጀመሪያው አደጋ ነው፤ አፈሩ የሰመጠ አሮጌ መቃብር፣ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ፣ የተሰነጠቀና የዘመመ ሐውልት፣ እሾህና የእባብ መደበቂያ የሚሆን የድንጋይ ክምር የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቢያንስ በመጠኑ የሚነበብ ጽሑፍ ያላቸው መቃብሮች ናቸው። ሦስተኛው ጽሑፍ ባይኖራቸውም ሰዎች ስማቸውን የሚያስታውሷቸው መቃብሮች ሲሆኑ፣ ለትምህርቱ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል፤ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ጋብ ይላል፣ መሬቱም ይደርቃል። ይሁን እንጂ በአካባቢው አጨዳና ውቂያ የሚደርስበትን ሳምንት ይለዩ፤ በዚያ ሳምንት ልጆቹም ሽማግሌዎቹም አይገኙም።

2. ፈቃድ ይጠይቁ

በቤተ ክርስቲያን በኩል የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን፣ በመስጊድ በኩል ኢማሙንና ኮሚቴውን በአካል ተገኝተው ያነጋግሩ። ደብዳቤ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ መቃብር የሰው ሐዘን ያለበት ቦታ ስለሆነ ጠያቂው ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ፊት ለፊት መታየት አለበት። ከዚያ የቅሬውን ዳኛ ያግኙ። በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው ማኅበር ቀባሪውን የሚያሰባስብ፣ ሐዘንተኛውን የሚረዳና ብዙ ጊዜ የአባላቱን ስም በመዝገብ የሚይዝ በመሆኑ፣ በገጠር ውስጥ ስለ ሞት ከሁሉም የተሻለ ማስታወሻ ያለው እርሱ ነው። አገራችን ልደትንና ሞትን በመላ አገሪቱ በሕግ መሠረት መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የሞተ ሰው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ እንዲገኝ መጠበቅ አይቻልም፤ የቅሬው ደብተር ግን ሊኖር ይችላል።

ፈቃድ ሲጠይቁ የማይደረገውን ነገር በግልጽ ይናገሩ፤ ምንም ነገር አይቆፈርም፣ ድንጋይ ከቦታው አይነሣም፣ ፎቶ የሚነሣው የተፈቀደው ብቻ ነው፣ የሰው ስም ወደ ማኅበራዊ መገናኛ አይወጣም። ይህን ቃል ልጆቹም ይወቁት። በጉብኝቱ መሐል ያረጀ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ፣ ሸክላ ወይም ሌላ ጥንታዊ ነገር ከታየ ባለበት ትቶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መታወቅ አለበት።

ቀኑን የሚመርጡት እነርሱ ይሁኑ። እሑድ፣ የታቦቱ ዓመታዊ ክብረ በዓልና ወርኃዊ በዓል፣ እንዲሁም ዓርብ አይመቹም። በተመረጠው ቀን ቀብር ከተገጠመ ጉብኝቱ ያለ ክርክር ይተላለፋል።

3. ልጆቹንና ወላጆቹን ያዘጋጁ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው እርሱ ነው። በክፍልዎ ውስጥ ባለፈው ዓመት እናቱን ወይም አባቱን የቀበረ ልጅ ሊኖር ይችላል። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዘው ከክፍል ኃላፊው መምህርና ከወላጅ ኮሚቴው ጋር አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ሐዘን ላይ ያለውን ልጅ ለብቻው ጠርተው መምጣት እንደሚችል፣ መቅረት ቢፈልግም ሌላ እኩል ክብር ያለው ሥራ እንደሚሰጠው ይንገሩት። ምርጫው የእርሱ ይሁን። አንዳንድ ልጆች የአባታቸውን መቃብር ለጓደኞቻቸው ማሳየት ይፈልጋሉና ከልካይ አይሁኑ።

ለሥራው የጊዜ ወሰን ማበጀትም ያስፈልጋል። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የሞቱ ሰዎች በጥናቱ ውስጥ ባይገቡ እመርጣለሁ። ይህ ወሰን የትኩስ ሐዘን ቁስል እንዳይነካ ያደርጋል፤ ገና ያልበረደ የፖለቲካ ቂምም በልጆች ደብተር ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። ከልጆቹ አንዱ ስለ ቅርብ ጊዜ ሞት ቢጠይቅ ጥያቄውን አያፍኑት፤ በአክብሮት ሰምተው ወደ ወሰኑ ይመልሱት።

ከወላጆች ጋር በሚደረገው ስብሰባ የሃይማኖቱ ጉዳይ በግልጽ ይነሣ። የሙስሊም ልጆች ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የክርስቲያን ልጆች ወደ ሙስሊም መካነ መቃብር ሲሄዱ ዓላማው የታሪክ ትምህርት ብቻ መሆኑ ይነገር፤ የማይፈቅድ ወላጅ ካለ ልጁ በራሱ ወገን መቃብር ላይ ይሥራ። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዳሞች መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ ብዙ ወላጆች ይህን ጉብኝት በደስታ ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ። ሴቶች ልጆች በሁለቱም ቦታ ነጠላ ወይም ሻሽ ይዘው ይምጡ። ከዚህ ሌላ፣ በየትኛውም ምክንያት ወደ ቅጥሩ መግባት የማይፈልግ ወይም የማይችል ተማሪ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ካርታ የሚሠራውን ቡድን እንዲረዳ አስቀድመው ለክፍሉ በሙሉ ያስታውቁ። የወር አበባ ላይ ያሉ ልጃገረዶች በጓደኞቻቸው ፊት እንዳያፍሩ የሚያደርገው ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

4. በክፍል ውስጥ ንባቡንና ስሌቱን ያስተምሩ

ከጉብኝቱ በፊት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመድቡ። በመጀመሪያው የግእዝ ቁጥር ይማሩ። ልጆቹ በመጽሐፋቸው አይተውት ይሆናል፤ በድንጋይ ላይ ሲያገኙት ግን ይቸገራሉ። ከ፩ እስከ ፲፣ ከዚያም ፳፣ ፴፣ ፵፣ ፶፣ ፷፣ ፸፣ ፹፣ ፺ እና ፻ በቃላቸው ይወቁ። ፲፱፻፳፰ ተብሎ የተጻፈው 19 መቶ 28፣ ማለትም 1928 እንደሆነ፣ ፲፰፻፹፰ ደግሞ 1888 እንደሆነ በሰሌዳ ላይ ይለማመዱ። ፮ እና ፯ በተፋቀ ድንጋይ ላይ በቀላሉ ስለሚምታቱ፣ የተጠራጠረ ተማሪ ሁለቱንም ጽፎ የጥያቄ ምልክት ያድርግበት እንጂ በግምት አይወስን።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የዘመን አቆጣጠሮቹ ይነጻጸሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ከተገኘ፣ ቀኑ ከጥር ወር መባቻቸው እስከ እኛ ዘመን መለወጫ ድረስ ባለው ጊዜ ከዋለ 8፣ ከዘመን መለወጫችን በኋላ እስከ ዓመታቸው መጨረሻ ከዋለ 7 ይቀነሳል። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ያሠሯቸው ሐውልቶች አንዳንዴ በዚህ አቆጣጠር ይጻፋሉ። በሂጅራ የተጻፈ ዓመት ካለ ደግሞ ዓመቱን በ0.97 አባዝቶ 614 መደመር ወደ እኛ ዓመት ያቀርበዋል። ለምሳሌ 1355 ሂጅራ በ0.97 ሲባዛ 1314 ግድም ይሆናል፤ 614 ሲደመርበት 1928 ይመጣል። በእርግጥም 1355 ሂጅራ ከመጋቢት 1928 አጋማሽ እስከ መጋቢት 1929 መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ይህን ዓመት ለምሳሌነት የመረጥኩት የማይጨው ጦርነትም የየካቲት 12 ጭፍጨፋም በዚያ አንድ የሂጅራ ዓመት ውስጥ ስለዋሉ ነው፤ ልጆቹ ስሌቱን ሲጨርሱ ይህን ሲነገራቸው ቁጥሩ ሕይወት ያገኛል።

ሽማግሌዎች ዓመትን በቁጥር ሳይሆን በወንጌላዊው ስም ሊያስታውሱ ስለሚችሉ የዚያም ስሌት ያስፈልጋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዚህ መሠረት 1930 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ይሆናል። አንድ አዛውንት አባታቸው የሞቱት በጠላት ጊዜ በዘመነ ማርቆስ ነው ቢሉ፣ ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ስለቆየ ተማሪው ዓመቱ 1930 መሆኑን በራሱ ሊደርስበት ይችላል። ልጆች ይህን የመሰለ ሥራ በጣም ይወዳሉ፤ የሒሳብ መምህሩም በደስታ ይተባበራል።

ማዕረጎችን በአጭሩ ያስተዋውቁ። ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ የሚሉት የቀድሞው መንግሥት ሹመቶች ናቸው፤ ከ1967 ወዲህ አዲስ ተሿሚ ስላልነበረባቸው በድንጋይ ላይ ሲገኙ የሰውየውን ዘመን ይጠቁማሉ። አምሳ አለቃና መቶ አለቃ የመደበኛ ጦርን፣ መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትን፣ ሐጂ ወደ መካ የተደረገ ጉዞን ያመለክታሉ። እማሆይ ከተባለች ሴት ጋር ሲገናኙ መመንኮሷን ያውቃሉ። የክርስትና ስምም እንቅፋት ስለሚሆን ይጠንቀቁ፤ በድንጋዩ ላይ ወልደ ወይም ወለተ ብሎ የሚጀምር ስም ብቻ ተጽፎ ሳለ መንደሩ ያንን ሰው የሚያውቀው በሌላ ስም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ስም ይጠየቅ።

5. በመቃብሩ ቦታ የሚሠራው ሥራ

ስድሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ መውሰድ አይቻልም። ክፍሉን ለሁለት ከፍለው በሁለት ቀን ይውሰዱ፤ የመጡትን ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ልጆች ባሉባቸው አራት ቡድኖች ይመድቡ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ዐዋቂ ያስፈልጋል፤ መምህር ካነሰ የወላጅ ኮሚቴ አባል ወይም ዲያቆን ይበቃል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ስለምታበራ የተፋቀ ጽሑፍ በጥላው ይነበባል፤ ቀትር ላይ ያው ድንጋይ ባዶ ይመስላል። ፀሐይ የማያገኘው ድንጋይ ካለ በትንሽ መስታወት ብርሃኑን ከጎን መላክ ይቻላል። ጽሑፉን ለማውጣት ጠመኔ መቀባት፣ በሽቦ መፋቅ ወይም አመድ መለቅለቅ ድንጋዩን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ልጆቹ ሲገቡ ካህኑ ወይም ኢማሙ አጭር ቃል ይናገሩ፤ ከተቻለም ጸሎት ወይም ዱዓ ይደረግ። ከዚያ ወደ ሥራ ይገባል።

የመጀመሪያው ቡድን ካርታ ይሠራል። የቅጥሩን በሮች፣ ትልልቅ ዛፎቹንና ሕንፃውን መነሻ አድርጎ፣ ርቀቱን በእርምጃ ወይም በሜትር በተለካ ገመድ እየለካ እያንዳንዱን የሚታይ መቃብር በቁጥር ያስቀምጣል። የቤተ ክርስቲያኑን ጽድና ወይራ በካርታው ላይ ማስገባት አይዘንጋ፤ በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ ሳለ ያ ደን የቆመው ቅጥሩ ስላስከበረው መሆኑን ልጆቹ በዐይናቸው ያያሉ፤ ሽማግሌዎችም መቃብርን በዛፍ ነው የሚያስታውሱት።

ሁለተኛው ቡድን ጽሑፍ ያላቸውን ይገለብጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተጻፈው እንደተጻፈ ይገለበጣል፣ የፊደል ስሕተት ቢኖርበትም አይታረም፣ ያልተነበበው በነጥብ ይተካል። ከዚያ የልደቱን ዓመት ከዕረፍቱ ቀንሰው ዕድሜውን ያሰላሉ። የወንድና የሴት ቁጥር ለየብቻ ይቆጠር። ሴቶቹ አንሰው ከተገኙ፣ የሚያንሱትም ይመስለኛል፣ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ይጠየቁ፤ ሴቶች ያነሱ ስለሞቱ እንዳልሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሦስተኛው ቡድን ጽሑፍ የሌላቸውን ያጠናል። የድንጋዩ አካባብ ምን ይመስላል? ከሕንፃው ምን ያህል ይርቃል? ከጎኑ ማን አለ? ካህናትና ደብሩን የተከሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደሱ ቀረብ ብለው ስለሚቀበሩ፣ የቦታው ቅርበት ራሱ የማኅበራዊ ደረጃ ምልክት ይሆናል። በብዙ ቦታ ግን ቅጥሩ ሲጠብ አሮጌው መቃብር ተከፍቶ አዲስ ሰው ስለሚቀበርበት፣ ላዩ አዲስ የሆነ መቃብር ሥሩ ጥንታዊ ሊሆን እንደሚችል ይነገራቸው።

አራተኛው ቡድን አቅጣጫ ይለካል፤ ለዚህ በስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ ይበቃል። ይህን ሥራ በሁለቱም መቃብሮች ማሠራት ልዩ ጥቅም አለው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሟቹ ራሱ ወደ ምዕራብ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። በእስልምና ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል፤ ከወሎ ሲታይ መካ በሰሜን በኩል ስለሆነች መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ስለዚህ ልጆቹ ሁለቱን ለክተው ሲመለሱ ጉድጓዶቹ በተቀራረበ አቅጣጫ ተዘርግተው ያገኟቸዋል። ምክንያቱ ለየቅል መሆኑን ካህኑና ኢማሙ በየተራ ያስረዷቸው። የጎረቤቱን እምነት ከራሱ ከባለቤቱ አፍ የሰማ ልጅ በመጽሐፍ ካነበበው የተሻለ ይረዳል።

ጠቅላላው ሥራ ከ80 ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ መሮጥና መቃብር ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ።

6. ሽማግሌዎችን መጠየቅ

የትምህርቱ ልብ እዚህ ነው፤ ቢቻል ከጉብኝቱ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይሰጠው። ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ሆነው ወደ አንድ አዛውንት ቤት ይሂዱ። ካርታውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ቁጥር የተሰጠው መቃብር ላይ ጣታቸውን አድርገው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሰፊ ከሆነ መልሱ አጭር ይሆናል። «አባባ፣ ስለ ድሮ ይንገሩን» የተባሉ ሽማግሌ ድሮ ጥሩ እንደነበር ተናግረው ያበቃሉ። «አባባ፣ ከወይራው ሥር ያለው ባለ ሰባት ድንጋይ መቃብር የማን ነው ሲባል ሰምተዋል?» የተባሉ ግን ሰውየውን፣ በሬዎቹን፣ ጠቡንና እርቁን ሁሉ ያወራሉ። እማማን መጠየቅ ደግሞ እንዳይረሳ። በለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የሟቹ ሙያ፣ የዘመተበት ቦታ፣ የአሟሟቱ ሁኔታ በሙሾው ግጥም ውስጥ ስለሚነገር፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ታሪክ በአንዲት አሮጊት ትዝታ ውስጥ በሁለት ስንኝ ተጠብቆ ሊገኝ ይችላል። ሙሾ ያለ ሐዘን ማውረድ ደግ አይደለም የሚሉ ስላሉ፣ ልጆቹ ግጥሙን በንግግር ብቻ እንዲነግሯቸው ይለምኑ፤ እምቢ ካሉም አይጫኗቸው።

ዓመቱ ያልታወቀ ነገር ሲያጋጥም የሽማግሌውን ዕድሜ መለኪያ ያድርጉት። «ያን ጊዜ እርስዎ ፍየል ይጠብቁ ነበር ወይስ እርሻ ጀምረው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ዓመት ከመጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከተናገሩ ሁለቱም ይጻፉ፤ ከእነርሱ አንዱን ውሸታም ማድረግ የተማሪ ሥራ አይደለም። የምስክርነት መለያየት በራሱ የታሪክ ትምህርት ስለሆነ በክፍል ውስጥ ውይይት ይደረግበት።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ዘሩን ይቁጠር። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር በአማራው ገጠር ለጋብቻ ሲባል የቆየ ልማድ ነው፤ አባቶች ገና ያውቁታል፤ ልጆቹ ግን እየረሱት ነው። ከተቆጠሩት አያቶች መካከል የትኛው የት እንደተቀበረ በካርታው ላይ ይፈለግ።

7. የሌሉትን መጠየቅ

መቃብሩ የማይናገረው ነገር አለ፤ እርሱም ከመንደሩ ተወልደው በመንደሩ ያልተቀበሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የአካባቢውን ታሪክ ከአገሩ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ይህ ደረጃ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይሥሩበት። ተማሪዎቹ በየቤታቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ከዘመዶቻችን መካከል እዚህ ያልተቀበረ ማን አለ? የት ቀረ?»

መልሶቹ ሲሰበሰቡ በሰሌዳው ላይ በዘመን ይደረደሩ። በዐድዋ የቀሩ ይኖራሉ፤ በማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የወደቁ፣ ከዚያም በአርበኝነት በየዱሩ የሞቱ ይኖራሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እህል ፍለጋ ከቀያቸው ወጥተው በኮረምና በባቲ መጠለያዎች ያረፉ ወሎዬዎች ብዙ ናቸው። በዚያው ዘመን በሠፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ተወስደው እዚያው የተቀበሩም አሉ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከታወጀ በኋላ ተመልምለው በሰሜን ጦር ግንባር የቀሩ ወጣቶች ደግሞ መርዷቸው ብቻ ነው የመጣው፤ አስከሬን ሳይኖር ለቅሶ ተለቅሶላቸው ተዝካር ወጥቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ዐረብ አገር ሄደው የሞቱ አሉ፤ እነርሱ ግን በጊዜ ወሰኑ ምክንያት በዚህ ጥናት አይገቡም።

ዝርዝሩ ወደኋላ ሲሄድ በቁጥር ይሳሳል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ በተራበበት ዘመን፣ ስለ ሞቱት ሰዎች በስም የሚነግር አይገኝ ይሆናል፤ ቦታ ግን ሊነገር ይችላል። «እዚያ ጋ በክፉ ቀን የሞቱ በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል» የሚል ትውፊት ከተሰማ በካርታው ላይ በተለየ ምልክት ይቀመጥ፤ ትውፊት መሆኑም አብሮ ይጻፍ። በ1911 ዓ.ም. በተለይ አዲስ አበባን ስለ መታው የኅዳር በሽታም እንዲሁ ይጠየቅ፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት ኅዳር ሲታጠን የተባለው ልማድ ከዚያ መቅሠፍት ጋር የተያያዘ መሆኑ ሲነገራቸው ልጆቹ በየዓመቱ የሚያዩትን ጭስ ከታሪክ ጋር ያገናኙታል።

ከቅጥሩ ውጭ የተቀበሩም አሉ። ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት፣ አሟሟታቸው ያልተወደደ ሰዎች፣ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ደግሞ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ከሌላው ጋር እንዳይቀበሩ ይደረጉ ነበር። ይህ ጉዳይ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ቢነሣ ይሻላል፤ ሲነሣም የማንም ልጅ ዘር በስም ሳይጠራ፣ የነበረው አድልዎ አድልዎ ተብሎ ይነገር።

8. መዝግቦ ማስቀመጥ

የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ በጥሩ ጽሕፈት ይገለበጥ። ለእያንዳንዱ መቃብር አንድ ገጽ ይሰጥ፤ በገጹ ላይ የካርታው ቁጥር፣ የድንጋዩ ጽሑፍ እንዳለ፣ የሰማነው ነገር፣ ማን እንደነገረንና የተነገረበት ቀን ይሰፍራል። የታየውና የተሰማው ፈጽሞ አይቀላቀሉ። ነጋሪው ስሙ እንዳይጻፍ ከፈለገ «የ80 ዓመት አባት» ተብሎ ብቻ ይገለጽ። ደብተሩ ከመጠናቀቁ በፊት ለሽማግሌዎቹ ይነበብላቸው፤ የሚያርሙት፣ የሚያስወጡትም ነገር ይኖራል፤ ቤተሰቡ ይውጣልን ያለው ያለ ክርክር ይውጣ።

ለውጤት አሰጣጥ ጽሑፉ ስንት ገጽ መሆኑን አይቁጠሩ። ተማሪው ያየውን ከሰማው መለየቱን፣ አንድ ዓመት በትክክል ማስላቱን፣ ሽማግሌውን በአግባቡ ጠይቆ አመስግኖ መመለሱን ይመዝኑ።

ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ አካሄድ በየሰፈራቸው ደብር ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የአዲስ አበባ ተማሪዎች በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የአርበኞችን መቃብር፣ ኢትዮጵያን በጠላት ዘመን በብዕሯ የረዳችውንና በ1953 ዓ.ም. ያረፈችውን የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. አፅማቸው ያረፈበትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መካነ መቃብር ማየት ይችላሉ። ለጉራጌና ለሶዶ አካባቢ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበት የጢያ መካነ መቃብር፣ ለኮንሶ ልጆች ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙት የዋካ የእንጨት ምስሎች አሉ። እንዲህ ያሉ ስመ ጥር ቦታዎች የሚጎበኙት ግን የራስ መንደር መቃብር ከተጠና በኋላ ቢሆን እመክራለሁ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ደብተሩ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በደብሩ ወይም በመስጊዱ፣ አንዱ በቅሬው ዳኛ እጅ ይቀመጥ። በቀጣዩ ዓመት የሚመጣው ክፍል ሥራውን ከባዶ አይጀምርም፤ ካርታው ላይ ስም ያልተገኘላቸውን ቁጥሮች ተረክቦ፣ ያልተጠየቁ አዛውንቶችን ስም ዝርዝር ይዞ ያለፈው ክፍል ካቆመበት ይቀጥላል። የአዛውንቶቹ ዝርዝር በዕድሜ ቅደም ተከተል ይሠራና ጥየቃው ከትልቁ ይጀመር።